ለእያንዳንዱ አረጋዊ የራሱ በር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ዕድራችን ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሆኖ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ቤት ለመሥራት ተነሥቷል። ቦታ አግኝተናል፤ ገንዘቡም ትንሽ በትንሽ እየገባ ነው። አሳባችን ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አንድ ረጅም አዳራሽ ሠርተን አልጋ እንደርድርበት፣ ወጪው ይቀላል» ይላል። ሌሎቻችን ለየሰዉ ክፍል ይሁንለት እንላለን። ጀርመን የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ደግሞ አውግስቡርግ በሚባል ከተማ ድሆች በዓመት አንድ ዩሮ በማይሞላ ኪራይ የሚኖሩበት፣ 500 ዓመት ያለፈው ሰፈር አለ ብላ ፎቶ ላከችልን። እውነት ነው? ማን ሠራው? እንዴትስ እስከ ዛሬ ቆመ? — ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነኝ። የእኅትሽ ልጅ የነገረችሽ እውነት ነው። ሰፈሩ ፉገራይ ይባላል። ኪራዩ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው። ለወር እንዳይመስልሽ፤ ለዓመት ነው። ሰፈሩ ሲቋቋም በዘመኑ ገንዘብ አንድ የራይን ጉልደን ተብሎ ተቆረጠ፤ ያው ሒሳብ ሳይጨመርበት እስከ ዛሬ ዘለቀ። መብራትና ማሞቂያውን ነዋሪው ለብቻው ይከፍላል።

ያሠራው ያዕቆብ ፉገር ነው። የአገሩ ሰው «ሀብታሙ» እያለ ይጠራዋል። ከብርና ከመዳብ ማዕድን የከበረ፣ ለነገሥታት የሚያበድር ነጋዴ ነበር። ካርል አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1519 ለቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥትነት ሲመረጥ ከኋላው የነበረው ገንዘብ በአብዛኛው የዚህ ሰው ነው። ፉገር ቦታውን በ1514 ገዛ፤ በ1516 ሥራው ተጀመረ፤ በ1521 የመመሥረቻውን ሰነድ ፈረመ። በ1523 ላይ 52 ቤቶች ቆመው ነበር። ግንበኛው ቶማስ ክሬብስ ይባላል። በእኛ ሲቆጠር ዐፄ ልብነ ድንግል በዙፋን ላይ የነበሩበት ጊዜ ነው።

ሰነዱን የፈረመው በራሱና በሞቱት ወንድሞቹ በኡልሪክና በጌኦርግ ስም ነው። ከነዋሪው የጠየቀው ነገር ጥቂት ነው። የከተማው ሰው ይሁን፣ ካቶሊክ ይሁን፣ በእውነት የተቸገረ ይሁን፤ በየቀኑም አባታችን ሆይ፣ ሰላም ለኪ ማርያምና ጸሎተ ሃይማኖት ይድገምለት። የነፍሱን ነገር አስቦ ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ተዝካር የሚያወጣ ሁሉ የሚገባው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልብ ልምጣ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በግንባታ ሥራ ነው። ልጄ ሙኒክ ስለምትኖር፣ ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ አውግስቡርግ ወስዳ ያንን ሰፈር አሳየችኝ። ሌላው ጎብኚ አበባውንና አረጉን ፎቶ ሲያነሣ እኔ በር በር ነበር የማየው። ለምን መሰለሽ? ቤቶቹ ባለ አንድ ፎቅ ናቸው፤ ጎን ለጎን ተያይዘው እንደ ሰልፍ ተደርድረዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ምድር ላይ አንድ ቤተሰብ፣ ፎቅ ላይ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል። ሁለቱ በር አይጋሩም። ፎቅ የሚኖረው ከመንገዱ በራሱ በር ገብቶ በራሱ ደረጃ ይወጣል። የታችኛው በራሱ በር ይገባል፤ ከኋላም ትንሽ ጓሮ አለችው። ለላይኛው በጓሮው ምትክ የጣሪያው ሥር ዕቃ ማስቀመጫ ተሰጥቶታል። እስቲ አስቢው፤ ከ500 ዓመት በፊት ለድሃ የተሠራ ቤት ነው!

እያንዳንዱ መኖሪያ ከ45 እስከ 65 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማድ ቤት አለው፣ መቀመጫ ክፍል አለው፣ መኝታ አለው። በየበሩ የደወል መሳቢያ ብረት ተንጠልጥሏል። የአንዱ ብረት ቅርጽ ከሌላው ይለያል። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው በጨለማ ሲመጣ ብረቱን ዳስሶ የራሱን በር እንዲያውቅ ነው ይላሉ። እኔም ዳስሼዋለሁ። አንዱ የቅጠል፣ አንዱ የጥድ ፍሬ መልክ አለው። ይህን ያሰበ ሰው ድሃው በሌላ ሰው በር እንዳይገባ፣ የራሱ የሚለው እንዳይጠፋበት አስቦለታል። ከሰፈሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ፉገር ቤቱን ያሠራው በአደባባይ ለሚለምነው ሰው አልነበረም። ሠርቶ ይበላ የነበረ የእጅ ባለሙያ፣ የቀን ሠራተኛ፣ በሕመም ወይ ሥራ በማጣት የወደቀ፣ ግን እጁን ለልመና መዘርጋት የከበደው ሰው ነበር የታሰበው። በጎጃም እንዲህ ያለውን ሰው እናውቀዋለን። ጎረቤት እንዳይሰማው በሩን ዘግቶ ጦሙን የሚያድር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አዳራሽ ውስጥ ብታስገቢው የቀረችውን አንዲት ነገር፣ ክብሩን፣ ነው የምትወስጂበት።

ይህን የምለው አይቼ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ከተማ እንደዚሁ አዳራሽ ሠርተን ነበር፤ ከተማውን አልጠራም። ሰፊ፣ ብርሃን ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ጥሩ ቤት ነበር። ቆይቼ ለጥገና ስመለስ ያገኘሁት ሌላ ነው። እናቶቹ በአልጋና በአልጋ መካከል ሲባጎ ወጥረው ነጠላና ጋቢ ሰቅለዋል። አንዲት እማሆይ ሳጥናቸውን ከአልጋቸው እግር ጋር አስረዋታል። አንዱ ሌሊት ሲያስል ሁሉም ሳይተኛ ያነጋል። አንዷ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ሌላዋ «አሁንስ በዛ» ትላለች። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚቀመጥበት የለም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይሄዳል። ቡና ማፍላት አይቻልም። ጎጃም ውስጥ ያረጀች እናት ለመጣባት ሰው ቡና ካላፈላች ምኑን ቤት ገባች ይባላል? እነዚያ እናቶች በነጠላቸው ግድግዳ ሲሠሩ ምን እንደፈለጉ ነግረውናል።

ስለ ወጪው ደግሞ እንነጋገር። እዚህ ላይ የአዳራሽ ወገኖች ስጋት ልክ ነው፤ ንቀሽ አትለፊው። አሥር ክፍል ለየብቻ ተራርቆ ከተሠራ የጎን ግድግዳው ብቻ ሃያ ይሆናል። ፉገራይ እንዳደረገው አያይዘሽ በአንድ ረድፍ ከሠራሽው አሥራ አንድ ግድግዳ ይበቃል። ክፍልና ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉና። ጣሪያውም አንድ ወጥ ቆርቆሮ ይሆናል። ከአዳራሹ የሚበልጥብሽ የዘጠኝ ማካፈያ ግድግዳ፣ የበርና የመስኮት ዋጋ ነው። ይህን በወረቀት አስቀምጠሽ ለጉባኤው አሳዪ። ልዩነቱ የተፈራውን ያህል አይሆንም።

ሌላም ትምህርት አለው። ፉገራይ ውስጥ ቤቱ ሁሉ በአንድ ፕላን ነው የተሠራው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ደረጃው ልኩ አንድ ነው። አናጺው አንዴ ለክቶ ደጋግሞ ይቆርጣል። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ለየክፍሉ የተለየ ልክ ከሰጣችሁት እንጨቱም ጊዜውም ይባክናል።

ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፤ ክረምቱን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መሠረቱ በድንጋይ ከመሬት ከፍ ይበል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ አትፈሩት፤ ጭዱ በደንብ የበሰለ፣ በልኩ የተመረገ ጭቃ ለሽማግሌ አጥንት ከብሎኬት ይሞቃል። የባሕር ዛፉን ቋሚ እግር የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ምስጥ እንዳይበላው። ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ይበል፤ ዝናቡ ምርጊቱን እንዳያጥበው። ኮርኒስ ሳታደርጉ አትተዉት፤ በረዶ ሲጥል በቆርቆሮ ሥር ያለ ሰው መነጋገር እንኳ አይችልም። ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን፤ ከፊቱ በረንዳ ይኑረው። አረጋውያን ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እዚያው ተቀምጠው ይተያያሉ፣ ይጫወታሉ። ደፍ አታድርጉበት፤ እግር ያደናቅፋል። ሽንት ቤቱ ሩቅ አይሁን። ለየክፍሉም ከሰል የሚቀመጥበት ጥግና ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ አትርሱ። በዝግ ቤት ከሰል የስንቱን ሰው ነፍስ እንዳጠፋ እናውቃለን።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ፉገራይ 500 ዓመት የቆየው ግንቡ ስለጠነከረ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ባመሰው በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የስዊድን ወታደሮች ገብተውበት ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 የአውሮፕላን ቦምብ አብዛኛውን አፈረሰው። ነዋሪዎቹ ለዚሁ በተቆፈረ የምድር ውስጥ መጠለያ ተርፈዋል፤ መጠለያው ዛሬ ሙዚየም ነው። ቤተሰቡ ግን እንደገና ሠራው፤ ኋላም አሰፋው። ዛሬ 67 ቤቶች፣ 140 ያህል መኖሪያዎች አሉት፤ 150 ያህል ሰው ይኖርበታል። እንዴት ቻሉ? ቤቱ ከመጀመሪያው የራሱ ገቢ ተቆርጦለት ነበር። በኋላ ገንዘቡን ወደ መሬትና ወደ ጫካ ለወጡት። ዛሬም የጥገናው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከዚያ ጫካ እንጨት ነው፤ ጎብኚው የሚከፍለውም ይጨመርበታል።

እናንተ ይህን ለማድረግ ከማንም አታንሱም። ጎጃም ባሕር ዛፍ ያበቅላል። ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ትንሽ ቁራሽ መሬት ካገኛችሁ ለቤቱ ስም ትከሉ። ወይም በአጥሩ በኩል ወደ መንገዱ ሁለት ሦስት ሱቅ አውጥታችሁ አከራዩ። ቤቱን ስትመርቁ የቤቱ ገቢም አብሮ ይመረቅ። በየዓመቱ ለጥገና ሰው የሚለመንለት ቤት ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚደርስለት የለም።

ጥያቄ፦ በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ቤት ነበረ? ጎጃም ይህን ያህል ገዳምና አድባራት ይዞ ለድሃ የሚሆን ቤት ሳይኖረው ቀረ? የታሪክ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። — ከቢቸና

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ጥሩ ጠይቀዋል። እንደ ፉገራይ ለዚሁ ብቻ ተብሎ የታጠረ ሰፈር አይፈልጉ። በእኛ ዘንድ ያንን ሥራ የሠራው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ራሱ ነው። አንድ ቤት አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ ቤት ነው።

መጀመሪያ የአብነት ተማሪውን ጎጆ ይውሰዱ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የተባሉት የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ዙሪያ ተማሪው ራሱ እንጨት ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ ጎጆውን ይቀልሳል። ጠባብ ናት፤ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡባት። ግን የራሱ ናት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ይቆማል። ያገኘውን ኮቸሮ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ቀለሙን እዚያው ያንበለብላል። የኔታ ከጉባኤ ቤታቸው ሆነው ያስተምሩታል እንጂ በአንድ ጣሪያ ሥር ደርድረው አያሳድሩትም። ደብረ ማርቆስ ላሉት ጠያቂዬ ስለ በር የነገርኳቸው ነገር የእኛም ልማድ እንደነበረ ከዚህ ያዩታል።

ሁለተኛው ሰንበቴ ቤት ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኞች በተራቸው እንጀራና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ነዳያኑ እዚያ ይበላሉ። ብዙ ጊዜ ቤቱ ክብ ወይም ረዘም ያለ፣ ዙሪያውን መደብ የተሠራበት ነው። መደቡ ከጭቃና ከድንጋይ ስለሆነ ወንበር አያስፈልገውም፤ አይሰበርም፣ አይሰረቅም። ከግንበኛ ዓይን ሳየው በጣም ብልህ ሥራ ነው። ወደ ቢቸና ገጠር አድባራት ሲሄዱ መደቡን ልብ ብለው ይዩት፤ ሰው ተቀምጦበት እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነው።

ሦስተኛው የመቃብር ቤት ነው። ባለጸጋ ቤተሰብ በአባቱ መቃብር ላይ ቤት ይሠራል። ከጊዜ በኋላ ጧሪ ያጣች እማሆይ ወይም ጸበል ፈልጎ የመጣ በሽተኛ ይገባበታል። ባለቤቱም ነፍስ ይማር እያሉ እንዲኖሩበት ይፈቅዳል። ፉገር ከነዋሪው ጸሎት እንደጠየቀው ማለት ነው፤ ያለ ሰነድ፣ ያለ ፊርማ።

እነዚህን ሁሉ ያቆማቸው ምን ነበር? መሬት ነው። አድባራቱ ጉልትና ሪም ነበራቸው። ከዚያ ከሚገባው እህል ካህኑም፣ ደብተራውም፣ ተማሪውም፣ ነዳዩም ይቀምስ ነበር። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ከያዕቆብ ፉገር ጋር በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው። እዚያም እዚህም ሕንጻ ሲታነጽ የሚያኖረው ነገር አብሮ ይሰጥ ነበር። ለተማሪዎችዎ ግን አንድ ነገር አብረው ይንገሯቸው። የጉልቱን እህል ያመረተው ገበሬው ነው፤ ሸክሙም በእሱ ጫንቃ ላይ ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ይህ ሥርዓት አበቃ። ገበሬው ነፃ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያቆመውን ገቢ አጣ። ነዳዩን የሚመለከት ግን ምንም ነገር በቦታው አልተተካም። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ በዕድር፣ በሰንበቴና በየሰዉ እጅ ላይ ወደቀ። ጎጆዎቹና መደቦቹ የሚፈርሱትም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰው ስለጠላቸው አይደለም።

አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎችዎን ይዘው ወደ አንድ ደብር ይሂዱ። ሰንበቴ ቤቱን ይለኩት፤ የበሩን ስፋት፣ የመደቡን ከፍታ፣ የጣሪያውን አሠራር በወረቀት ያስፍሩ። ሽማግሌዎችን ማን እንደሠራው ይጠይቁ። ሣሩ በቆርቆሮ፣ ጭቃው በብሎኬት እየተተካ ነው። እኔ ቆርቆሮ አልጠላም፤ ዘመኔን ሙሉ ሳለብስ ኖሬያለሁ። ግን ሳይለካ የፈረሰ ቤት ተመልሶ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የግንባታ ተማሪ ነኝ። ፈረንሳይ ቦን በሚባል ከተማ ለድሆች የተሠራ፣ ጣሪያው በቀለም የተጌጠ ሕንጻ ፎቶ አየሁ። ውስጡ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። አዳራሽ ያን ያህል መጥፎ ከሆነ እንዴት ይህን ያህል ተከበረ? — ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ጎበዝ፣ ልጄ። ያየኸው ኦቴል ዲዩ ነው። የቡርጎኝ መስፍን ዋና ሹም የነበረው ኒኮላ ሮላንና ሚስቱ ጊጎን ደ ሳላን እ.ኤ.አ. በ1443 አቋቋሙት። ጣሪያው የተቃጠለ ሸክላ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቡናማ መስታወት መሰል ቅብ ተቀብቶ በጌጥ ተደርድሯል። አዳራሹ 50 ሜትር ያህል ይረዝማል። ጣሪያው ከውስጥ ሲያዩት የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። አልጋዎቹ በሁለቱ ግድግዳ በኩል ተሰልፈዋል፤ በየአልጋው መጋረጃ አለ። በአዳራሹ ጫፍ ጸሎት ቤት አለ፤ በሽተኛው ከአልጋው ሳይነሣ ቅዳሴውን ያያል።

ልብ በል፤ በሽተኛው አልኩህ። ያ ቤት ሐኪም ቤት ነበር። ሰው ገብቶ ይታከማል፣ ድኖ ይወጣል ወይም ይሞታል። ለዚያ አዳራሹ ልክ ነው። አስታማሚ መነኩሲት ከአንድ ቦታ ቆማ ሁሉንም ታያለች። እስከ 1971 ድረስ ሕክምና ሲሰጥበት ቆይቷል። አረጋዊ ግን በሽተኛ አይደለም። የሚኖርበት ቤት ነው የሚፈልገው።

ለዚህ ማስረጃ ከፈለግህ ሰሜን ጀርመን ሉቤክ ያለውን የመንፈስ ቅዱስ ሆስፒታል እይ። እ.ኤ.አ. በ1286 የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ነው። አረጋውያን ይኖሩበት ነበር። በ1820 አዳራሹ ውስጥ ትንንሽ የእንጨት ክፍሎች ተሠሩ። የእያንዳንዱ ስፋት አራት ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ አልጋና አንድ ሳጥን ቢይዝ ነው። ሰዎች እስከ 1970 ድረስ ኖሩባቸው። ያን የመሰለ ከፍ ያለ ጣሪያ ከላያቸው እያለ ጠባቧን የእንጨት ክፍል ያዙ። ፕላን ስትነድፍ ይህን አስታውስ። ገንዘብ አንሶህ ሰፊ ክፍልና የራስ በር መምረጥ ቢኖርብህ በሩን ምረጥ።

የቦንም ቤት የራሱ ገቢ አለው። ሰዎች ለነፍሳቸው የወይን እርሻ እያወረሱት ዛሬ 60 ሄክታር ያህል የወይን ቦታ ሆኗል። ወይኑ ከ1859 ጀምሮ በየዓመቱ በኅዳር ወር በጨረታ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ቤቱንም ሠርተን፣ የሚከራይ ሱቅም አውጥተንለት ነበር። ኪራዩ ግን በአንድ ሰው እጅ እየገባ ለቤቱ የሚደርሰው ትንሽ ሆነ። ሰውየው የተከበረ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። ምን እናድርግ? — ከቡሬ

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። ይህ በእናንተ ብቻ የደረሰ አይደለም። እንግሊዝ አገር ዊንቸስተር አጠገብ ቅዱስ መስቀል የሚባል የድሆች ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1130ዎቹ የከተማው ጳጳስ ሄንሪ ለ13 ድሆች መኖሪያ፣ ለ100 ሰዎች ደግሞ የቀን ምግብ ብሎ አቋቋመው። ረጃጅም የጭስ ማውጫ ያላቸው የድንጋይ መኖሪያዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተጨመሩለት። ዛሬም አረጋውያን ይኖሩበታል። መንገደኛ ደጁ ላይ ቆሞ ከጠየቀ ቁራሽ ዳቦና በቀንድ ዋንጫ ቢራ ይሰጡታል፤ ይህ ልማድ አልቀረም።

ይህን የመሰለ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተዳዳሪው ዘረፈው። አባቱ ጳጳስ ሆኖ የሾመው ባላባት ነበር። የቤቱን መሬት ገቢ ለራሱ እየወሰደ ለብዙ ዓመት ኖረ። የተከበረ ስለነበር እዚያም ለረጅም ጊዜ ማንም አልደፈረውም። በመጨረሻ በ1850ዎቹ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ ቤቱ በባለአደራዎች ቦርድ እንዲመራ አዲስ ደንብ ወጣለት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ከመክሰሳችሁ በፊት ሽማግሌ ላኩበትና ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያቅርብ። ካላቀረበ ወደ ሕግ ሂዱ፤ ነውር የለውም። የነዳያን ገንዘብ ነው። ጎን ለጎን መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። በደንቡ ላይ ኪራዩ በባንክ እንዲገባ፣ ወጪ በሦስት ሰው ፊርማ እንዲወጣ፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በዕድሩ ስብሰባ እንዲነበብ አድርጉ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ከቤቱ ነዋሪዎች የተመረጠ አረጋዊ ይሁን። ቆርቆሮው ማፍሰሱን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። የሱቆቹንም ውል በአንድ ሰው ስም እንዳትተዉት፤ በዕድሩ ስም ተዋውላችሁ በየዓመቱ አድሱት። አሁን ያለው ውል በማን ስም እንደሆነ በዚህ ሳምንት አረጋግጡና ጻፉልኝ፤ የደንቡን ረቂቅ አብረን እናየዋለን።